የፊት እንቅስቃሴና ማሸት፦ ጉንጭ ይሞላል፣ ሽብሽብ አይፈታም

ፊትን በማንቀሳቀስና በማሸት ዕድሜን መደበቅ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ጉንጭ ላይ በመጠኑ ይቻላል፣ ግንባርና ዓይን ጥግ ላይ አይቻልም፣ ጠዋት አብጦ ለሚነሳ ፊት ደግሞ ለጥቂት ሰዓት ይረዳል። ረጅሙ መልስ ትንሽ ያስኬዳል። በቲክቶክና በዩቲዩብ «የፊት ዮጋ» እየተባለ በአንድ ላይ ታስሮ የሚቀርበው ነገር ውስጡ ሦስት የማይመሳሰሉ ሥራዎች አሉት፤ ጡንቻ ማጠንከር፣ ፈሳሽ ማንቀሳቀስና ቆዳ መሳብ። አንዱ በሚጠቅምበት ቦታ ሌላው ይጎዳል።

የፊት ጡንቻ ከክንድና ከጭን ጡንቻ ይለያል። የክንድ ጡንቻ ከአጥንት ተነስቶ አጥንት ላይ ያበቃል፤ ሲኮማተር መገጣጠሚያውን ያንቀሳቅሳል። አብዛኛው የፊት ጡንቻ ግን መጨረሻው ቆዳ ላይ ነው። ስንስቅ፣ ስንቆጣ፣ ስንገረም ቆዳችን የሚታጠፈው ለዚህ ነው። እጥፋቱ ጡንቻው ለሚጎትትበት አቅጣጫ መስቀለኛ ሆኖ ይወጣል። የግንባር ጡንቻ ወደ ላይ ስለሚጎትት መስመሩ አግድም ነው፤ በቅንድቦች መካከል ያለው ወደ መሐል ስለሚጎትት መስመሩ ቁልቁል ነው። የወጣት ቆዳ ታጥፎ ይመለሳል። ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉት የቆዳ ድርና ማግ ሲሳሱ ግን ፊት ዝም ባለበት ሰዓትም መስመሩ ይቀራል።

ቦቶክስ የሚሠራው ከዚሁ ተነስቶ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር የፈቀደው ይህ መርፌ፣ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ያግዳል። ጡንቻው ለሦስት ለአራት ወር ያርፋል፣ ቆዳውም ይተኛል። እንግዲህ ጡንቻውን ማሳረፍ መስመሩን ካለዘበው፣ ያንኑ ጡንቻ በቀን ሠላሳ ጊዜ ማሠራት በምን ስሌት ያጠፋዋል? ቅንድብን ደጋግሞ ማንሳት፣ ዓይንን ጨፍኖ መጭመቅ፣ ከንፈርን ለፉጨት እንደሚያሞጠሙጡ አድርጎ መያዝ፤ ሦስቱም «ለሽብሽብ ፍቱን» ተብለው ይሰጣሉ፣ ሦስቱም ሽብሽቡ በተፈጠረበት መንገድ ላይ ይመላለሳሉ። የአንገት ልምምድም ከዚሁ ወገን ነው። በዕድሜ ሳቢያ አንገት ላይ ገመድ መስለው የሚወጡት መስመሮች የስስ ጡንቻ ጠርዞች ናቸው፤ ጥርስ ነክሶ አንገትን መወጠር እነሱን ያጎላል እንጂ አያጠፋም።

ታዲያ ጉንጭ ላይ ለምን ይሠራል? በዕድሜ ምክንያት ፊት ላይ የሚታየው ለውጥ የቆዳ ብቻ አይደለም። ከቆዳው ስር ያሉት የስብ ከረጢቶች ይሳሳሉ፣ ይንሸራተታሉም፤ አጥንቱም በጥቂቱ ይቀንሳል። የላይኛው ጉንጭ ሲጎድል ከአፍንጫ ጎን እስከ ከንፈር ዳር የሚወርደው መስመር ይጠልቃል፣ ከዓይን ስር ጎድጎድ ያለ ጥላ ይወጣል። ከስር ያለው ጡንቻ ቢወፍር የጎደለውን ቦታ በከፊል ይሞላል። ፊለር የሚባለው መርፌ ከላይ የሚያደርገውን ጡንቻው ከታች፣ በጣም ባነሰ መጠን ያደርጋል ማለት ነው።

ይህ በሙከራ ታይቷል፤ ሙከራው ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 65 የሆኑ 27 ሴቶችን አስገብቶ ነበር። ሴቶቹ በመጀመሪያ ሁለት የ90 ደቂቃ ሥልጠና ከአሠልጣኝ ጋር ፊት ለፊት ወሰዱ። ከዚያ ለ8 ሳምንት በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ ከ9ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ደግሞ በየሁለት ቀኑ 30 ደቂቃ ቤታቸው ሠሩ። ልምምዶቹ 32 ነበሩ፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ማን ምን እንደሠራ ያላወቁ የቆዳ ሐኪሞች ፎቶዎቹን አይተው 19 የፊት ክፍሎችን መዘኑ። የተሻሻሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የላይኛው ጉንጭ ሙላትና የታችኛው ጉንጭ ሙላት። ሐኪሞቹ ለሴቶቹ የገመቱት አማካይ ዕድሜ ከ50.8 ወደ 48.1 ወረደ።

ማስታወቂያዎቹ ሁሉ የሚጠቅሱት ይህን የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ «ሦስት ዓመት ወጣት!» ይላሉ። ከተመዘገቡት 27 ሴቶች እስከ መጨረሻ የዘለቁት 16 መሆናቸውን አይናገሩም። ያቋረጡት ለምን አቋረጡ? ጊዜ አጥተው ሊሆን ይችላል፣ ለውጥ ስላላዩም ሊሆን ይችላል። ልምምዱን ሳይሠራ ለንጽጽር የተያዘ ቡድንም አልነበረም። ለ20 ሳምንት ፊቱን በየቀኑ የሚያይ ሰው ቅባት አብዝቶ ሊቀባ፣ ቀድሞ ሊተኛ፣ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ሁለት ኪሎ ብቻውን ጉንጭ ይሞላል። ሰዓቱም ይደመር፦ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት 28 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ 12 ሳምንታት 21 ሰዓት ገደማ፣ በድምሩ 50 ሰዓት ሊሞላ አንድ ሰዓት ቢጎድለው ነው። ከዚህ ቀጥሎ «በቀን 2 ደቂቃ፣ በ7 ቀን» የሚለውን ቪዲዮ መመዘን ለማንም አይከብድም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ መሞከር የፈለገ ሰው ጊዜውን ሁሉ ጉንጭ ላይ ያውል። 32ቱን መሸምደድ አያስፈልግም፤ ከጥናቱ ውስጥ በይፋ ከታወቁት ሁለቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው። አፍዎን «ኦ» ለማለት ያህል ይክፈቱ። የላይኛውን ከንፈር በላይኛው ጥርስ ላይ አጥፈው ይያዙና በጉንጭዎ ብቻ ፈገግ ይበሉ፤ ጉንጭዎ ወደ ዓይን ስር ሲሰበሰብ በመስታወት ይታያል። ሌባ ጣቶችዎን የጉንጩ ጫፍ ላይ ያሳርፉ። ጣቱ ጡንቻው መነሳቱን ለማወቅ ነው፤ አይግፉበት። ይልቀቁ፣ መልሰው ያንሱ፤ እንዲህ እያሉ አንድ ደቂቃ።

ሁለተኛው። ጥርስ ሳያሳዩ ከንፈርዎን ገጥመው ፈገግ ይበሉና ጉንጭዎን ወደ ላይ ያንሱ። ጣቶችዎን ከአፍ ዳር አስነስተው እስከ ጉንጭ አናት ያንሸራትቱ፣ እዚያው 20 ሰከንድ ይያዙ። ያርፉ፣ ይድገሙት።

ሁለቱንም ሲሠሩ መስታወት ግድ ነው፣ የሚያዩትም ጉንጩን ሳይሆን ዓይኑንና ግንባሩን ነው። ግንባር መስመር ካወጣ ወይም ዓይን ጥግ ከተጨማደደ ኃይሉ በዝቷልና ይቀንሱ። ዓይንን ገለጥ አድርጎ መያዝ ይረዳል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጉንጩ ሲደክም ፊቱ በሙሉ ለእርዳታ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠለጥነው ሽብሽቡ ይሆናል።

ወጣት ወንዶች ዘንድ የተስፋፋው የመንጋጋ ልምምድ ሌላ ጉዳይ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጠውን የሲሊኮን ኳስ መንከስ ወይም ጠንካራ ማስቲካ ለሰዓታት ማኘክ በእርግጥ የማኘኪያውን ጡንቻ ያወፍራል። የታችኛው ፊት ግን ሾል አይልም፤ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰፋል። በአንድ በኩል ብቻ የሚያኝክ ሰው አንዱ ጉንጭ ከሌላው ይበልጥበታል። ጆሮ ስር ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ፣ ጠዋት አፍ ሲከፍቱ ካመመ፣ ወይም ሌሊት ጥርስ የማፋጨት ልማድ ካለ ልምምዱ መቆም አለበት። አገጭ ስር የተጠራቀመ ስብም በልምምድ አይቀልጥም፤ ሰውነት ስብ የሚያነሳው ጡንቻው ከሠራበት ቦታ መርጦ አይደለም። እግረ መንገድ፣ ጉንጭ እንዲሞላ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የወለቀ መንጋጋ ጥርሱን ይቁጠር። ጥርስ የሌለበት የመንጋጋ አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ጉንጭና ከንፈርም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ይህን የሚያስተካክለው የጥርስ ሐኪም ነው።

ማሸት ደግሞ ጡንቻ አያወፍርም። ሥራው ከደምና ከቆዳ ስር ፈሳሽ ጋር ነው። ጉንጭን በሮለር፣ ማለትም ፊት ላይ በሚንከባለል ትንሽ መሣሪያ፣ ለ5 ደቂቃ ማሸት የቆዳውን የደም ዝውውር ከዚያ በኋላ ከ10 ደቂቃ በላይ ከፍ አድርጎ እንደሚያቆይ ተለክቷል። ከማሳጅ ቤት ሲወጡ የሚታየው ወዝ ይህ ነው። ሌላው ሊምፍ ነው። ከቆዳ ስር የሚጠራቀመው ፈሳሽ በስስ ቱቦዎች ወደ ጆሮ ፊት፣ ወደ መንጋጋ ስርና ወደ አንገት እየወረደ መጨረሻው ደም ነው። ሌሊት ተጋድመን ስንተኛ መፍሰሱ ይቀንሳል፤ ማታ ጨው የበዛበት የበላ ወይም ያለቀሰ ሰው ዓይኑ ስር አብጦ የሚነሳው በዚህ ነው። በእጅ መግፋት ፈሳሹን ያፈጥነዋል። ቀና ብሎ ሁለት ሰዓት መንቀሳቀስም ያንኑ ያደርጋል፣ ዝግ ብሎ እንጂ።

አሠራሩ ከታች ይጀምራል፤ መውጫው ሳይከፈት ላይኛውን መግፋት ፈሳሹን ከአንድ ጉንጭ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ብቻ ነው። እጅ ይታጠባል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ ከ5 እስከ 8 ጠብታ ዘይት በእርጥብ ፊት ላይ ይቀባል። አንገት ከደረት በሚገናኝበት ቦታ፣ ከአጥንቱ በላይ ባለው ጎድጓዳ ላይ ጣቶችን አሳርፎ ቀስ ብሎ 10 ጊዜ መጫንና መልቀቅ። ቀጥሎ በአንገት ጎን ከጆሮ ስር ወደ ታች 5 ጊዜ። ከዚያ ከአገጭ መሐል እስከ ጆሮ፣ ከአፍንጫ ጎን እስከ ጆሮ ፊት፣ ከግንባር መሐል ወደ ጎን፣ እያንዳንዱን 5 ጊዜ። ዓይን ስር ከሆነ በቀለበት ጣት ብቻ፣ አጥንቱን ተከትሎ፤ የዓይን ኳስ አይነካም። ማሳረጊያው እንደገና አንገት ነው፣ ወደ ታች። በጠቅላላው 5 ደቂቃ በቂ ነው። ክብደቱ የዓይንን ቆብ ሳያሳምም የሚነካ ጣት ያህል ይሁን፤ ቆዳው ከቀላ ወይም ከሞቀ በዝቷል። የሊምፍ ቱቦ ከቆዳው ወለል ብዙም አይርቅምና ሲጫኑት ይዘጋል።

ጓሻ የሚባለው ድንጋይም ሆነ የጄድ ሮለር ከጣት የተለየ ኃይል የላቸውም። ቀዝቃዛ ስለሆኑ እብጠት ይቀንሳሉ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ የሾርባ ማንኪያ ጀርባም ያንኑ ይሠራል። ድንጋዩን የሚጠቀም ሰው ፊቱ ላይ አስተኝቶ ይግፋው፤ በጠርዙ መፋቅ የለበትም። ከተጠቀመ በኋላም በሳሙና ይጠበው።

ጥቁር ቆዳ ላለው አንባቢ የማሸት ነገር ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሜላኒን የበዛበት ቆዳ በስስ ሽብሽብ ረገድ ዘግይቶ ያረጃል። ዕድሜ የሚናገርበት በሌላ ነው፤ ጉንጭ ይጎድላል፣ ዓይን ስር ይጠቁራል፣ ማድያትና ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣ የፊት ቀለም ወጥነቱን ያጣል። ስለዚህ የጉንጭ ልምምዱ ለእኛ ፊት ከሌላው የበለጠ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ኃይለኛ ማሸት ደግሞ የሚመታው ደካማ ጎናችንን ነው። የእኛ ቆዳ ለማንኛውም ፍትጊያና ቁስል የሚሰጠው መልስ መጥቆር ነው። ያለ ዘይት በደረቁ መፈተግ፣ ቆዳን በስክራብ ልጦ ወዲያው ማሸት፣ ብጉር የወጣበትን ጉንጭ በድንጋይ መግፋት፤ በሳምንታት ውስጥ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጥላ ያወጣሉ።

የሚቀባውም ነገር ይታሰብበት። ብጉር ለሚያወጣ ፊት ቅቤና የኮኮናት ዘይት ቀዳዳ ይደፍናሉ። ሎሚ ፊት ላይ ማሸት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር፤ የሎሚ ጭማቂ ፀሐይ ሲነካው ቆዳን ያቃጥላል፣ ጠባሳውም ጥቁር ነው። ስቴሮይድ ያለበትን የፊት ማቅያ ቅባት ለወራት ሲጠቀም የቆየ ሰው ቆዳው ስለሳሳ፣ ደም ስሮቹም ስለሚታዩ፣ ድንጋይም ሮለርም አይንካው፤ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው።

አንገትን ማሸት የራሱ አደጋ አለው። ከመንጋጋ ስር በሁለቱም ጎን የልብ ምት የሚሰማበት ደም ስር ላይ የደም ግፊት መቆጣጠሪያ አለ፤ ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አጥብቆ የሚጫን ሰው ልቡ ዝግ ሊል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። በዕድሜ የገፋ፣ የደም ስር መጥበብ ያለበት ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው ይህን ቦታ ባይነካ ይሻላል። በአፍንጫና በከንፈር ዙሪያ ያበጠ ብጉር ወይም መግል ካለ ማሸት አይገባም፤ ከዚያ አካባቢ የሚሄዱት ደም ስሮች ወደ አንጎል አቅጣጫም ስለሚገናኙ ኢንፌክሽን ሊወስዱ ይችላሉ። ቦቶክስ የተወጋ ሰው ቢያንስ ያን ቀን ፊቱን አይሽ፤ መድኃኒቱ ወዳልታሰበ ጡንቻ ሊሄድ ይችላል። ለፊለር ሁለት ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው። የዓይን ስር እብጠት ቀኑን ሙሉ ካልወረደና እግርም ካበጠ ነገሩ የኩላሊት ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይቀድማል።

በልምምድና በማሸት የሚገኘው ነገር ከፀሐይ ጋር ሲመዘን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ፎቶ ይህን ከማንኛውም ቃል በላይ ያሳያል፤ ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፊት ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ጎኑ ጥልቅ ሽብሽብና የተንጠለጠለ ቆዳ አለው፤ ቀኙ የሌላ ሰው ፊት ይመስላል። ሁለቱም ጎኖች እኩል ስቀዋል፣ እኩል ተቆጥተዋል፤ የለያያቸው በጎን መስታወት የሚያልፈው ጨረር ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል የአዲስ አበባ ሹፌርም ያው ግራ ጎኑ መስኮት ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የዋህ ይመስላል።

በአውስትራሊያ ከ55 ዓመት በታች በሆኑ 903 ሰዎች ላይ ለ4 ዓመት ተኩል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሙከራ ማነጻጸሪያ ቡድን ነበረው፤ ሰንስክሪን የሚባለውን የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ የተቀቡት፣ እንደፈለጉ እንዲቀቡ ከተተዉት ጋር ሲነጻጸሩ የቆዳቸው እርጅና 24 በመቶ ያነሰ ነበር። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው መጠን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት ሙሉ የተዘረጋ ቅባት ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀባው ከዚህ ግማሹን አይሞላም። ማድያት ላለበት ሰው ቀለም የገባበት፣ አይረን ኦክሳይድ ያለው ዓይነት ይመረጣል፤ ማድያትን የሚያብሰው የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሆነ። ነጭ ዱቄት መስሎ ፊት ላይ የመቅረቱ ችግርም በዚያው ይቀንሳል። እናቶቻችን የሚይዙት ጃንጥላ ደግሞ ዛሬም ከማንኛውም የጄድ ድንጋይ ይበልጣል።

ልምምዱ ሠራ አልሠራ ለማወቅ መስታወትን ማመን አያዋጣም። በመነሻው ቀን አንድ ፎቶ፣ ከዚያ በየ4 ሳምንቱ አንድ ይነሱ። መስኮቱ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ርቀቱ አንድ ይሁን፤ ፈገግታና ሜካፕ አይኑር፣ አገጭም ከፍ ዝቅ አይበል። «በፊትና በኋላ» የሚሉት ቪዲዮዎች አብዛኛው ድንቃቸው ከዚህ ይመጣል፦ የፊተኛው ፎቶ ጠዋት አገጭን ደፋ አድርጎ ከላይ በመጣ ብርሃን፣ የኋለኛው ከሰዓት ቀና ብሎ ከፊት በመጣ ብርሃን። በ20 ሳምንት ጉንጭ ላይ ለውጥ ካልታየ ማቆም ይቻላል። ለውጥ ታይቶም ካቆሙ፣ ጡንቻ ሥራ ሲያጣ እንደሚሳሳ ሁሉ ጉንጩም ይመለሳል።

የፊት እንቅስቃሴ ከውበት በፊት የኖረበት ቦታ አለ፤ የፊት ነርቭ ሽባነት ሕክምና። አንድ ሰው ድንገት ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም በእኛ ዘንድ «ንፋስ መታው» ይባልና ቤት ውስጥ ማሸት ይጀመራል። ጊዜው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ነርቩ ያበጠ ከሆነ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ክኒን የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። መስታወት ፊት የሚሠራው ልምምድ ከዚያ በኋላ፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታየ፣ በለሆሳስ ይመጣል፤ በጉልበት ከሆነ አፍ ሲስቅ ዓይን አብሮ የመጨፈን ልማድ ሊያስይዝ ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በሽተኛው ቅንድቡን እንዲያነሳ ይጠየቅ። አፉ ተጣሞ ግንባሩ በሁለቱም ጎን እኩል ከተሸበሸበ፣ ወይም ክንዱ ከዛለና ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ችግሩ ከአንጎል ሊሆን ይችላልና በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።